ልጁ የት ይዋል? ሞግዚት፣ አያት፣ የሰፈር ልጅ ጠባቂና የሕፃናት ማቆያ ሲነጻጸሩ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ የሚሰጠው የድኅረ ወሊድ ፈቃድ 90 የሥራ ቀን ነው፤ በአማካይ አራት ወር ገደማ መሆኑ ነው። ጤና ጣቢያው ደግሞ ስድስት ወር እስኪሞላው ከጡት በቀር ሌላ እንዳትሰጪው ይላል። አብዛኞቻችን «ልጁ የት ይዋል?» የሚለውን ጥያቄ የምንመልሰው በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ነው፤ ያውም ፈቃዱ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ደላላውን በስልክ እየለመንን።

እኔም በመጀመሪያ ልጄ ጊዜ የጠየቅኋቸው ሁለት ነገሮች ብቻ ነበሩ፤ ስንት ይከፈላል፣ ከቤት ምን ያህል ይርቃል። ከዚያ ወዲህ በሁለት ልጆች ሞግዚትንም፣ አያትንም፣ ማቆያንም አይቻለሁ። ቤት የሚውለውን ልጅ በብዛት የሚያሰጋው አደጋ ነው፤ መቃጠል፣ መውደቅ፣ መታነቅ፣ መመረዝ። ከብዙ ሕፃናት ጋር የሚውለውን ደግሞ በሽታ ይፈትነዋል። ስለዚህ «የቱ ይሻላል?» ብቻውን መልስ የለውም። «ልጄን በዚህ ዕድሜው የትኛው ይበልጥ ያሰጋዋል?» ብሎ የጠየቀ ግን መልስ ያገኛል። ክትባቱን ያልጨረሰና ካስቀመጡት የማይንቀሳቀስ የአራት ወር ሕፃን፣ የጀበናውን ጆሮ ለመያዝ ከሚሮጥ የዓመት ተኩል ልጅ ጋር አንድ ዓይነት ቦታ አይስማማውም።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው ስንት ዓይን ለስንት ሕፃን የሚለው ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚና የሕዝብ ጤና ማኅበር በጋራ ያወጡት መመዘኛ ከአንድ ዓመት በታች ላሉት ለሦስት ሕፃናት አንድ ተንከባካቢ፣ ሦስት ዓመት ላልሞላቸው ለአራት አንድ፣ ለሦስት ዓመት ልጆች ደግሞ ለሰባት አንድ ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን የሚያሟላ ቦታ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም ምን ያህል እንደራቁ የሚለካበት ገመድ ነው። ቁጥሩን ስትጠይቁ ሰዓቱን ጨምራችሁ ጠይቁ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አራት ሠራተኛ ያለው ቤት፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ሁለቱ ምሳ ሲበሉ፣ 11 ሰዓት ላይ ደግሞ ሁሉም ወደ ታክሲ ሲሮጡ አንድ ሰው ብቻ ሊቀረው ይችላል።

ሁለተኛው ውሃ ነው። ከተማችን በፈረቃ ውሃ የምታገኝ ከተማ ናት። ውሃ በሌለበት ቀን እጅ አይታጠብም፤ እጅ ካልታጠበ ተቅማጥ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ይሄዳል። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ከተሳሉት ዝሆንና ቀጭኔ በፊት ጣሪያው ላይ ሮቶ መኖሩን እዩ። ዳይፐር የሚቀየርበት ቦታና ጡጦ የሚታጠብበት ቦታ አንድ ከሆነ የቀረውን ማየት አያስፈልግም። ውሃ የሚጠራቀምባቸው ባልዲዎችም ክዳን ይኑራቸው። ጥቂት ጣት በማይሞላ ውሃ ውስጥ በግንባሩ የወደቀ ሕፃን ሊሰጥም ይችላል፤ ድምፅ እንኳ ላያሰማ ይችላል።

ሦስተኛው እሳት፣ ጭስና መርዝ ነው። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተኛን ሕፃን ከአዋቂው ቀድሞ ይጥላል። በረኪናና ነጭ ጋዝ በውሃ ፕላስቲክ ማስቀመጥ ደግሞ የሁላችንም አመል ነው። ጠርሙሱን የሚያውቀው የሁለት ዓመት ልጅ በውስጡ ያለውን ለይቶ አይጠጣም። ከጠጣም እንዲያስመልሰው አታስገድዱት፣ ወተትም አትጋቱት፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሕክምና ሩጡ።

አራተኛው እንቅልፍና ምግብ ነው። ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስና ያለ ድርብርብ ጋቢ ይተኛል። በምግብ በኩል የእኛ ቤት ጉድ ቆሎ ነው። ቆሎ፣ ለውዝና ሽምብራ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ማነቂያ ናቸው፤ ቡና በሚፈላበት ቤት ሁሉ ግን ቆሎው በትሪ ሆኖ በልጁ ቁመት ልክ ይቀመጣል።

አምስተኛው ልጅ ሲታመም ምን ይደረጋል የሚለው ነው፤ ስድስተኛው ደግሞ እኔ ከሁሉም የማስበልጠው ነው፦ አንድ ነገር ሲደርስ እናንተ ዘንድ ወሬው በስንት ደቂቃ ይደርሳል?

ሞግዚት በቤት

ጥቅሟ ግልጽ ነው። ልጁ የሌሎች ልጆችን ንፍጥ አይጋራም፣ በራሱ አልጋ ይተኛል፣ የታለበ የእናቱን ወተት በሰዓቱ ያገኛል። (የታለበ ወተት እንደ አዲስ አበባ ባለ አየር ከማቀዝቀዣ ውጭ አራት ሰዓት፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ አራት ቀን ይቆያል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ግን በአራቱ ቀን አትተማመኑ። ልጁ ጀምሮ የተወው በሁለት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል፤ ማፍላትም አይገባም፣ ጡጦውን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ማቆም ይበቃል።)

ችግሩ ሞግዚት ብለን ቀጥረን ሠራተኛ አድርገን ማሠራታችን ነው። እንጀራ የምትጋግር፣ ልብስ የምታጥብ፣ በር የምትከፍት አንዲት ልጅ በመካከሉ ሕፃን «ታያለች»። አንድ ዓይን ነው ያላት፤ እሱንም ምጣዱ ላይ አድርገነዋል።

የመጀመሪያ ልጄ የ14 ወር ሳለ ትኩስ ሻይ ክንዱ ላይ ፈሰሰበት። እኔ የሰማሁት ማታ 1 ሰዓት ላይ፣ ቤት ስገባ ነው። ቁስሉ የጥርስ ሳሙና ተቀብቶ ነበር። ለምን አልደወልሽም ስላት አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ከወር በፊት አንድ ብርጭቆ ሰብራ እንዴት እንደጮህኩባት ያስታወስኩት ሌሊቱን ነው። ለብርጭቆ እንዲያ የሆነች እመቤት ለልጇ ምን ልትሆን ነው ብላ ብትፈራ አልፈርድባትም። ከዚያ በኋላ የመጣችውን ሞግዚት በመጀመሪያው ቀን አስቀምጬ የነገርኳት ይህን ነው፦ «የኔ እህት፣ ምንም ይሁን ምን ወዲያው ከደወልሽልኝ አልቆጣሽም፤ ደብቀሽ ካገኘሁ ግን አብረን አንቀጥልም።» የስልክ ካርዱን ሁልጊዜ የምሞላው እኔ ነኝ። ለቃጠሎም ሃያ ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ እንጂ ቅቤም፣ እንቁላልም፣ የጥርስ ሳሙናም እንደማይሆን አብረን ተለማመድን። ቧንቧው በፈረቃ ከደረቀ ከባልዲው በጣሳ እየቀዱ ማፍሰስ ነው።

ስትቀጥሩ ተያዥ መጠየቅ የተለመደ ነው። ተያዥ ግን ለጠፋ ወርቅ ይጠየቅ ይሆናል እንጂ ልጅ ሲታነቅ ምን እንደምታደርግ አያስተምራትም። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከታነቀና ማልቀስ ካቃተው ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ በክንድ ላይ በደረቱ ማስተኛት፣ በትከሻዎቹ መካከል በመዳፍ አምስት ጊዜ መምታት፣ ካልወጣ አገላብጦ ደረቱን መካከል ላይ በሁለት ጣት አምስት ጊዜ መጫን፣ እስኪወጣም ድረስ መደጋገም። ወደ ጉሮሮው በጭፍን ጣት መክተት ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ይህን በአሻንጉሊት ማሳየት ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

የቀረውን ባጭሩ። ከ15 ዓመት በታች ያለችን ልጅ ለዚህ ሥራ አትቀበሉ፤ አዋጁ የሥራ መነሻ ዕድሜ ያደረገው 15 ነው፣ ከሕጉም በላይ ልጅ ልጅን እንዲጠብቅ መተው ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ ያሳላት እንደሆነ በራሳችሁ ወጪ ለሳንባ ነቀርሳ አስመርምሯት፤ ሕክምናው አለ፣ ስለታመመች ብቻ ማባረርም አይገባም። ልጁ ከወትሮው በላይ ቀን ቀን ሲያንቀላፋ ካያችሁ ቤት ውስጥ ያለውን የጉንፋን ሽሮፕ መጠን ተመልከቱ። ፀሐይም አትርሱ። ሙሉ ቀን ተሸፍኖ ቤት የሚውል ሕፃን አጥንቱ በሪኬትስ ይለሰልሳል፤ ፀሐይ በሞላባት አገር ይህ በሽታ ዛሬም የሚታየው ስለምንሸፍናቸው ነው።

አያት

አያትን መመዘን ራሱ ያሳፍራል፤ ለዚህም ነው ማንም የማይመዝናት። ፍቅሯ አይወዳደርም፣ ደመወዝ አትጠይቅም፣ የልጁን ለቅሶ ዓይነት ትለያለች። ነገር ግን «ስምንት አሳድጌያለሁ» የሚለው አነጋገር ውስጥ እንጥል ማስቆረጥም፣ ተቅማጥ ሲይዘው ድዱን ቧጦ ጥርስ ማስነቀልም፣ ለአራስ ሕፃን ቅቤ ማዋጥም አብረው ሊገቡ ይችላሉ። ደም መፍሰስና መመረዝ የሚያመጡ ልማዶች ናቸው። ልጅ ሆኖ እናትን ማረም ከባድ ነው። እኔ ያገኘሁት መላ እናቴን የክትባት ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይዣት መሄድ ነበር። ነርሷ «እማማ፣ እንጥል እንዳያስነኩት» ስትላት ሰማች፤ እኔ አሥር ጊዜ ብናገር የማትቀበለውን ነጭ ካፖርት ከለበሰችው ተቀበለች።

ሌላው የአያት ቤት አደጋ ከትራስ ሥር ያለው የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ነው። ከረሜላ ይመስላል፣ ሕፃንን ግን አንድ ሁለቱ ሊገድለው ይችላል። ጉልበቷም ይታሰብ። ለሚተኛ ሕፃን አያት ተስማሚ ናት፤ መሮጥ ለጀመረ ልጅ ግን ረዳት ያስፈልጋታል።

የሰፈር ጠባቂ

ኮንዶሚኒየም ውስጥ የራሷን ልጅ እያሳደገች የጎረቤትን አምስት ስድስት ልጅ የምትይዝ እናት በየብሎኩ አለች። ዋጋዋ ዝቅ ያለ ነው፣ ታክሲ የለም፣ ትታወቃለች። ችግሩ ሁለቱም አደጋዎች በአንድ ክፍል መገናኘታቸው ነው፤ የብዙ ልጆች በሽታና የቤት ውስጥ እሳት። ፈቃድም፣ መዝገብም፣ ተቆጣጣሪም የለም። የልጆቹ ቁጥር የእሷን ልጅ ጨምሮ ከአራት ካልበለጠ፣ ልጆቹ ባሉበት ከሰል ካልተያያዘና በረንዳው ላይ ፕላስቲክ ወንበር ካልተቀመጠ ሊታሰብ ይችላል። ወንበሩን የማነሣው ለወግ አይደለም፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ የበረንዳ ብረት የሚከልለው ልጁ መሬት ላይ እስከቆመ ድረስ ብቻ ነው።

የግል ማቆያ

እዚህ ጋ ሁለት ጊዜ ሂዱ። አንዴ በቀጠሮ፣ አንዴ ሳትነግሩ። እኔ ከአንድ ማቆያ በቀጠሮ ስሄድ ፊኛ ተሰቅሎ ጠበቀኝ። በሦስተኛው ቀን ድንገት ስመለስ ውሃ ጠፍቶ፣ የልጆች እጅ ሁሉ በአንድ ሳፋ ውሃ ሲታጠብ ደረስኩ። የመጨረሻው ልጅ እጁን ያስገባበት ውሃ የሽሮ መልክ ነበረው። ባለቤቷ ደግ ሴት ነበሩ፤ ደግነት ግን ሮቶ አይሆንም።

በር ላይ የሚጠየቁ ጥያቄዎች እንዲህ ናቸው። ፈቃድ አላችሁ? ማን ልጁን እንዲወስድ እንደተፈቀደለት በጽሑፍ ይያዛል? ምን በላ፣ ስንት ሰዓት ተኛ፣ ስንት ጊዜ ዳይፐር ተቀየረለት የሚል መዝገብ ይሰጣል? መልካም ምልክት የምለው ግን እነሱ የሚጠይቁትን ነው። የልጃችሁን የክትባት ካርድ ያልጠየቀ ማቆያ የሌሎቹንም አልጠየቀም። በአገራችን መርሐ ግብር ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ፣ ከዚያም በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ይከተባል፤ ኩፍኝ ግን 9 ወር ሲሞላው ነው የሚጀመረው፣ ሁለተኛው 15 ወር ላይ ነው። ይህ ማለት አራት ወር ሆኖት ማቆያ የገባ ሕፃን ለአምስት ወር ያህል ያለ ኩፍኝ ክትባት ከሌሎች ጋር ይውላል። በዙሪያው ያሉት ትልልቅ ልጆች ካልተከተቡ የሚከልለው የለም።

የበሽታ ሕጋቸውን ጠይቁ። «ማንንም የታመመ አንቀበልም» የሚል ማቆያ እየዋሸ ነው፤ ንፍጥ ያለበትን ሁሉ ቢመልስ ክረምቱን ባዶውን ይቀመጥ ነበር። ሕፃን በዓመት ስድስት ስምንት ጊዜ ጉንፋን መያዙ ያለ ነው፤ ማቆያ በገባ በመጀመሪያው ዓመት ቁጥሩ ከፍ ይላል። ትኩሳት የሌለው ጉንፋን ልጅን ቤት አያስቀርም። ቤት የሚያስቀሩት ዳይፐር የሚያልፍ ተቅማጥ፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ፣ ልጁን ያደከመ ትኩሳት፣ ኩፍኝ (ሽፍታው ከወጣ አራት ቀን እስኪያልፍ) እና ጉድፍ (ሁሉም እስኪደርቅ) ናቸው። ይህን ለይቶ የሚነግራችሁ ቦታ ነገሩን አስቦበታል። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ቤት ሲውል ኦ አር ኤስ ይጠጣል፣ ዚንክ ለአሥር ቀን ይወስዳል፣ ጡትም አይቋረጥበትም፤ የተበጠበጠው ኦ አር ኤስ 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል።

ካሜራ ያላቸው ቦታዎች ዋጋ ይጨምራሉ። ካሜራ በደልን ያሳይ ይሆናል፣ ያልታጠበ እጅን ግን አያሳይም። ያን ገንዘብ ለአንድ ተጨማሪ ተንከባካቢ የሚያውል ቤት ባገኝ እመርጣለሁ።

የመሥሪያ ቤት ማቆያ

የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር፤ ብዙዎቹም ከፍተዋል። እናት በዕረፍት ሰዓት ወርዳ ታጠባለች፣ ወሬውም በአምስት ደቂቃ ይደርሳታል። በዚህ መመዘኛ የሚስተካከለው የለም። ጉድለቱ ብዙ ጊዜ ክፍሉ ነው፤ ፋይል ይቀመጥበት የነበረ ጠባብ ክፍል ሆኖ ይገኛል፣ መስኮቱ ይከፈት እንደሆነ እዩ። ጠዋትና ማታ በተጨናነቀ ሰርቪስ የሚደረገው ጉዞም አለ። ለመስክ ስትላኩ ልጁ የት እንደሚውልም አስቀድማችሁ አስቡ።

| አማራጭ | በሽታ | አደጋ | ወሬ የመድረስ ፍጥነት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| ሞግዚት | ዝቅተኛ | ከፍተኛ፣ በሥልጠና ይቀንሳል | በመተማመናችሁ ልክ | ደመወዝ፣ ቀለብና ማደሪያ |
| አያት | ዝቅተኛ | መካከለኛ፤ ልጁ ሲሮጥ ይጨምራል | ፈጣን | አነስተኛ |
| የሰፈር ጠባቂ | መካከለኛ | ከፍተኛ | ፈጣን፣ ቅርብ ናት | ዝቅተኛ |
| የግል ማቆያ | ከፍተኛ፣ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት | ዝቅተኛ፣ ቁጥሩ ከተጠበቀ | በመዝገባቸው ልክ | ከፍ ያለ፤ ትራንስፖርትና የሕመም ቀን ይጨመራል |
| የመሥሪያ ቤት ማቆያ | መካከለኛ፣ በልጆቹ ቁጥር ልክ | ዝቅተኛ | እጅግ ፈጣን | ዝቅተኛ |

ለማን የቱ

ልጁ ስድስት ወር ካልሞላው፣ ያለጊዜው የተወለደ ወይም ትንፋሹ ቶሎ ቶሎ የሚያስቸግረው ከሆነ ቤት ይዋል፤ ከአያት ወይም ከሞግዚት ጋር። የመሥሪያ ቤት ማቆያ ካላችሁና ልጆቹ ጥቂት ከሆኑ ግን ጡቱ ስለማይቋረጥ እሱን አስቀድማለሁ። ከስድስት ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ የዘጠኝ ወሩን የኩፍኝ ክትባት ጠብቃችሁ ወደ ማቆያ ብታሸጋግሩ መልካም ነው። መራመድ ከጀመረ በኋላ ሐሳቤ ይገለበጣል። በልጅ ልክ የተሠራ፣ ኩሽናው የተቆለፈ ማቆያ ምድጃና ጀበና ካለበት ቤት ይሻለዋል። ጉንፋኑ ያልፋል፤ ቃጠሎ ግን ጠባሳው ይቀራል፣ የልጄ ክንድ ላይ ያለው አሁንም ይታያል።

አቅም ላነሰው ቤት ብዙ ሰው የማያስበው አንድ መንገድ አለ። ሁለት ጎረቤታሞች አንዲት ሞግዚት በጋራ ቀጥረው ልጆቹን በአንደኛው ቤት ማዋል ይችላሉ። ደመወዙን ይካፈላሉ፣ እሷም ከማንም ማጀት ሥራ ነፃ ትሆናለች፣ ልጆቹ ሁለት ብቻ ናቸው። ውሉ ግን የማን ልጅ ሲታመም ማን ቤት እንደሚውል ከመጀመሪያው ቀን ይጻፍ፤ ጉርብትና የሚፈርሰው እዚያ ላይ ነው። አንድ ደመወዝ ብቻ ያላትና ማንም የሌላት እናት ደግሞ የሰፈር ጠባቂዋን ብትመርጥ የሚፈርድባት የለም፤ የበረንዳውን ወንበር ታስነሣ፣ ክዳን ያለው ባልዲ ገዝታ ታምጣላት፣ ከሰሉ ውጭ እንዲያያዝ ትለምን። ሽርፍራፊ ወጪ ነው።

ወጪ ስታሰሉ የወር ክፍያውን ብቻ አትያዙ። ማቆያ የገባ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ወራት ስንት ቀን እንደሚቀርና በዚያ ቀን ከእናንተ ማን ከሥራ እንደሚቀር ከአባትየው ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። እኛ ቤት ይህ ያልተነገረ ሆኖ ሁለት ወር ሙሉ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

የመረጣችሁት የትም ይሁን፣ ፈቃዱ ከማለቁ አሥር ቀን በፊት ጀምሩ። መጀመሪያ አንድ ሰዓት፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያ ግማሽ ቀን። በዚህ መካከል በአንዱ ቀን ሳትነግሩ ተመለሱ። በር ላይ ወይም ማቀዝቀዣው ላይ አንድ ወረቀት ይለጠፍ፤ የሁለታችሁ ስልክ፣ የቅርብ ጎረቤት ስልክ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ የቤቱ አቅጣጫ በምልክት። ማንበብ የማትችል ሞግዚት ካለቻችሁ ቁጥሮቹን ስልኳ ላይ ከፎቶ ጋር መዝግቡላት፣ አንድ ጊዜም ወደ እናንተ እንድትደውል አድርጉ፤ እናንተ ሌላ ክፍል ሆናችሁ ስልኩን አንሡ።